ዳገንሃም እና ሬድብሪጅ፦ አራት ክለብ በአንድ ማሊያ

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሐዋሳ፣ የአቶቴ ሰፈር ልጅ ነው። ሳሳጥረው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቲኬቴን የበላው ዳገንሃም ኤንድ ሬድብሪጅ የሚባል ቡድን ነው። ሁለት ቡድን ነው ወይስ አንድ? እንዲህ ያለ ስም ማን አወጣለት? የምጠይቀው ለቲኬቱ ብዬ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ልንዋሃድ እየተነጋገርን ነው። እኛ ጥሩ ልጆች አሉን፣ እነሱ ሜዳ አላቸው። ውህደት ያዋጣል?»

ስለ ቲኬቱ እግዜር ያጽናህ። ስለ ክለቡ ግን ደህና ሰው ጋ መጥተሃል። የእንግሊዝን ታችኛ ሊጎች ታሪክ ስከታተል ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ እንደ ዳገንሃም እና ሬድብሪጅ በውህደት ላይ ውህደት የተሠራ ክለብ ደግሞ ብዙ የለም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፣ ስለራሳችን ሳወራ ብቻ በኛ።

አጭሩ መልስ ይኸው። ክለቡ አንድ ነው። ውስጡ ግን አራት ክለቦች አሉ፦ ኢልፎርድ፣ ሌይተንስቶን፣ ዋልተምስቶው አቬኑ እና ዳገንሃም። ከ1979 እስከ 1992 ባለው ጊዜ በሦስት ውህደት አንድ ሆኑ። በሦስቱም ላይ ነገሩን የወሰነው ሜዳ ነው። ሜዳ ያጣ ሜዳ ወዳለው ሄደ። ሜዳ ያለው ሁሉ ግን ተረፈ ማለት አይደለም፣ አንዱ እንዲያውም የተበላው ሜዳ ስለነበረው ነው። ያንተ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሰኝና ታሪኩን ላውራህ።

አራቱም ክለቦች የምሥራቅ ለንደን ሰዎች ናቸው። ሰፈሮቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ ባጃጅ ቢኖር በባጃጅ የሚደረስባቸው። በዚያው አካባቢ ዌስት ሃም አለ፣ ሌይተን ኦሪየንት አለ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቶተንሃም አለ። በእነዚህ መሀል አራት ትንንሽ ክለቦች ተመልካች ይፈልጋሉ። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

ግን ትንንሽ ስልህ እንዳትንቃቸው። በዘመናቸው ትልልቆች ነበሩ።

ኢልፎርድ በ1881 ነው የተመሠረተው። በ1905 ኢስሚያን ሊግ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ይህ ሊግ የአማተሮች ሊግ ነው። መፈክሩ በላቲን «ክብር ይበቃል» የሚል ሲሆን መጀመሪያ ላይ ለአሸናፊው ዋንጫም ሜዳሊያም አይሰጥም ነበር። ቻምፒዮን ትሆናለህ፣ ባዶ እጅህን ወደ ቤትህ ትገባለህ። ደሞዝም የለም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ተጫዋቹ ታጥቦ ሲመለስ ጫማው ውስጥ ብር ያገኝ ነበር፣ ማን እንዳስቀመጠው ማንም አይጠይቅም።

አማተሮቹ የራሳቸው ዋንጫ ነበራቸው፣ የኤፍ ኤ አማተር ዋንጫ። ኢልፎርድ በ1929 እና በ1930 በተከታታይ ወሰደው። ሌይተንስቶን፣ በ1886 የተቋቋመው፣ በ1947፣ በ1948 እና በ1968 ሦስት ጊዜ ወሰደው፣ ኢስሚያን ሊጉን ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ በላ። ዋልተምስቶው አቬኑ በ1900 ተቋቁሞ ዋንጫውን በ1952 እና በ1961 አነሳ። ደምረው፦ ዳገንሃም ገና ሳይቆጠር ሦስቱ ብቻ ሰባት የአማተር ዋንጫ ነበራቸው።

ይህ ዋንጫ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር የሚያሳይህ አንድ ነገር ልንገርህ። በ1952 ፍፃሜው ዋልተምስቶው አቬኑ ከሌይተን ነበር። (ሌይተን ሌላ ነው፣ ሌይተንስቶን ሌላ፣ ሌይተን ኦሪየንት ደግሞ ሌላ። ምሥራቅ ለንደን ላይ ስም መደናገር የተለመደ ነው።) አቬኑ 2 ለ 1 አሸነፈ። ዌምብሌይ የገባው ሕዝብ 100 ሺህ። ሁለት ደሞዝ የማይከፈላቸው የሰፈር ቡድኖችን ለማየት መቶ ሺህ ሰው! ከአቬኑ ተጫዋቾች አንዱ ትሬቨር ቤይሊ ነበር፣ በክሪኬት ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ሰው። ክረምት ኳስ፣ በጋ ክሪኬት።

በቀጣዩ ዓመት የሆነውማ ዛሬ ቢሆን ስልክህን ያፈነዳው ነበር። በ1953 ጥር መጨረሻ፣ የኤፍ ኤ ካፕ አራተኛ ዙር፣ አቬኑ ኦልድ ትራፎርድ ሄደ። ማንቸስተር ዩናይትድ ያኔ የእንግሊዝ ቻምፒዮን ነው፣ አሰልጣኙ ማት በዝቢ። አማተሮቹ 1 ለ 1 አቻ ይዘው ተመለሱ። ጎሉ የጂም ሉዊስ ነበር። ድጋሚ ጨዋታው በደንቡ አቬኑ ሜዳ መሆን ነበረበት፣ ግን ግሪን ፖንድ ሮድ ያን ሁሉ ሰው ስለማይችል ወደ አርሰናል ሜዳ ወደ ሃይበሪ ተወሰደ። እዚያ ዩናይትድ 5 ለ 2 አሸነፈ። ጂም ሉዊስ ቼልሲ ገብቶ በ1955 ሊጉን ሲወስዱ የቡድኑ አካል ነበር፣ ያውም አማተር ሆኖ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ክለብ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ስሙ እንኳ አልተረፈም። ለምን?

አንዱ ምክንያት 1974 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፌዴሬሽን አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለውን ልዩነት አነሳ። ሁሉም «ተጫዋች» ሆነ። ጫማ ውስጥ የሚገባው ብር ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አማተር ዋንጫውም በዚያው ቀረ፤ የመጨረሻውን ፍፃሜ ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ 4 ለ 1 አሸነፈ። የተሸነፈው ማን ይመስልሃል? ኢልፎርድ። ከዚያ በኋላ እነዚህ ክለቦች ልዩ የሚያደርጋቸው ነገር ጠፋ። ቀድሞ በራሳቸው ዓለም ነገሥታት ነበሩ፣ አሁን ትልቁ መሰላል ግርጌ የቆሙ ምስኪኖች ሆኑ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን የአንደኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ያሳያል። ሰው ሶፋው ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ክለቦቹ ሲቋቋሙ ሜዳዎቹ ከከተማው ዳር ነበሩ። ለንደን እያደገች ሄደችና ዋጠቻቸው። ሁለት ሦስት መቶ ሰው የሚገባበት ሜዳ ቤት ሠሪ ሲያየው ወርቅ ነው። ክለቡ ዕዳ አለበት፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ደጋፊው እያረጀ ነው፣ እና አንድ ቀን ቦታውን የሚፈልግ ሰው ይመጣል። አንተም ሐዋሳ ውስጥ ስታድግ የተጫወትክባቸውን ሜዳዎች ቁጠርና ስንቱ ዛሬ ፎቅ እንደሆነ ንገረኝ።

ኢልፎርድ ቀድሞ ወደቀ። ኒውበሪ ፓርክ፣ ሊን ሮድ ላይ የነበረው ሜዳው በ1970ዎቹ ሄደ፣ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ክለቡ ማሊያ፣ ታሪክና የሊግ ቦታ ይዞ ቤት አልባ ሆነ። በ1979 ጎረቤቱ ሌይተንስቶን ግራንሌይ ሮድ ላይ የራሱ ሜዳ ነበረው። ተዋሃዱ። ስሙም «ሌይተንስቶን ኢልፎርድ» ሆነ፣ ሜዳ ያለው ቀድሞ ተጻፈ። ተራውን ልብ በልልኝ።

እና ሠራ! ይህን መደበቅ አይገባም። የተዋሃደው ቡድን በ1982 ኢስሚያን ሊጉን ወሰደ። ሁለት የደከሙ ክለቦች አንድ ጠንካራ ቡድን ሊወጣቸው ይችላል። ግን ማን መጣ ለማየት? ወረቀት ላይ ሲደመር የሁለት ክለብ ደጋፊ አላቸው። ሰው ግን እንዲህ አይደመርም። ግማሹ «ይህ የኛ አይደለም» ብሎ ይቀራል። የዕድሜ ልክ ተቀናቃኝህን ማሊያ ግማሹን ልበስ ሲሉህ አስበው።

በ1986 አካባቢ ደግሞ የሌይተንስቶን ተራ ደረሰ። ግራንሌይ ሮድ ሄደ። አሁን ሁለቱም ሜዳ የላቸውም። የት ይሂዱ? ዋልተምስቶው። አቬኑ ግሪን ፖንድ ሮድ ላይ ያ አሮጌ ሜዳው አለ፣ ገንዘቡ ግን ሳስቷል። ሌይተንስቶን ኢልፎርድ እዚያ ደባል ገባ።

ደባል መግባት ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ልጅ አላስተምርም። መጀመሪያ «ለጊዜው ነው» ይባላል። ከዚያ ማሰሮው ይቀላቀላል። በ1988 ሌይተንስቶን ኢልፎርድ ዋልተምስቶው አቬኑን ጠቀለለ። ጠቀለለ ያልኩት አውቄ ነው፣ ምክንያቱም የአቬኑ ስም አዲሱ ክለብ ውስጥ አልገባም። ኦልድ ትራፎርድ አቻ የወጣው ክለብ በአንድ ፊርማ ጠፋ።

ባለቤቱ ሄደ፣ ደባሉ ቀረ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። አቬኑ የነበረው ትልቁ ሀብት ያ ሜዳ ነበር፣ የጠፋውም ሜዳ እያለው ነው። ሌላኛው ወገን የሊግ ቦታና ቡድን ነበረው። ድርድር ላይ ስትቀመጥ ሜዳ እንደ መከላከያ ይመስላል፣ ግን ክለቡ ከደከመ ሜዳው ራሱ ጥሎሽ ይሆናል። የናንተ ጎረቤት ቡድን ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል፣ «ሜዳው የኛ ነው» ብለው የሚኮሩ ከሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ያስቃልም ያናድዳልም። በ1989 ቡድኑ ኢስሚያን ሊጉን አሸነፈ። አሸናፊው ወደ ኮንፈረንስ ማደግ አለበት፣ ያኔ ከፉትቦል ሊጉ (ከላይኞቹ አራት እርከኖች) አንድ ደረጃ በታች ወዳለው ሊግ። አላደገም። ሜዳው መስፈርቱን አላሟላም ተባለ። ሁለተኛ የወጣው ፋርንቦሮ አደገ። አስበው እስቲ፣ ሦስት ክለብ ተጨፍልቆ፣ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በመቀመጫና በአጥር ጉዳይ ቀረ።

በዚያው ዓመት ስሙን ቀየሩት፣ ሬድብሪጅ ፎረስት። ስሙ የተወሰደው ከሁለት የለንደን ክፍለ ከተሞች ነው። ኢልፎርድ ያለው ሬድብሪጅ ውስጥ ነው፣ ሌይተንስቶንና ዋልተምስቶው ያሉት ዋልታም ፎረስት ውስጥ። ሁለቱን አስተዳደር ለማስደሰት ይመስላል። እኔ ስሙን አልወደውም። ሰው የክፍለ ከተማ ስም እየጠራ አይዘፍንም። ሌይተንስቶን ብሎ የሚዘፍን ሰው ነበር፣ ኢልፎርድ ብሎ የሚዘፍን ነበር። ሬድብሪጅ ፎረስት የሚለው ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ የወጣ ስም ነው። ግሪን ፖንድ ሮድም ብዙ ሳይቆይ ሄደ፣ እሱም ዛሬ ቤት ነው። ስለዚህ በስሙ ሁለት ክፍለ ከተማ የተሸከመው ክለብ በሁለቱም ውስጥ ሜዳ አልነበረውም።

እንደገና ደባል ፍለጋ ተወጣ። አሁን ዳገንሃም ብቅ ይላል።

ዳገንሃም ከሌሎቹ ይለያል። ልጅ ነው፣ በ1949 የተቋቋመ። ሰፈሩ የሠራተኛ ሰፈር ነው። የፎርድ መኪና ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው፣ ግማሹ ሰው እዚያ ይሠራ ነበር ብትል ብዙ አትሳሳትም። የሚጫወትበት ቪክቶሪያ ሮድ ራሱ መነሻው የፋብሪካ ሜዳ ነው። የብሪግስ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ይጫወትበት ነበር፣ በ1955 እነሱ ሲወጡ ዳገንሃም ገባ። እስከ ዛሬ ያው ነው። ዳገንሃም ኢስት ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ወርደህ በእግርህ ትደርሳለህ። ስድስት ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆመህ የመስመር ዳኛውን በስሙ ጠርተህ መስደብ ትችላለህ፣ የሚሰማህም ይሆናል።

ዳገንሃም በአማተር ዋንጫ በ1970 እና በ1971 በተከታታይ ፍፃሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በ1980 ግን የኤፍ ኤ ትሮፊን፣ የታችኛ ሊጎችን ትልቅ ዋንጫ፣ ሞስሊን 2 ለ 1 አሸንፎ ዌምብሌይ ላይ አነሳ። በ1981 ኋላ ኮንፈረንስ ወደተባለው ሊግ ገባ፣ በ1988 ወረደ። ከዚያ በኋላ እሱም ገንዘቡ መሳሳት ጀመረ።

ሬድብሪጅ ፎረስት ቪክቶሪያ ሮድ ደባል ሆኖ ገባ። በ1991 ኢስሚያን ሊጉን አሸነፈ፣ በዚህ ጊዜ ሜዳ ስላለ አደገ። ስለዚህ በ1991/92 ውድድር ዘመን ሁኔታው እንዲህ ሆነ፦ ተከራዩ ላይኛው ሊግ፣ ባለቤቱ ታችኛው ሊግ፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ሣር። ሁለት ተመልካች በሳምንት ልዩነት አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማንም ቢሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል።

በ1992 ተዋሃዱ። ዳገንሃም እና ሬድብሪጅ። ሬድብሪጅ የሊግ ቦታውን አመጣ፣ ዳገንሃም ሜዳውንና ሰፈሩን። በስሙ ውስጥ «እና» የቀረው ለዚህ ነው፣ ሁለቱም የሚያመጡት ነገር ስለነበራቸው። አቬኑ በ1988 እንዲህ ያለ ድርድር አላገኘም። እና ሌላ ነገር፣ ዛሬ ሬድብሪጅ የሚለው ስም ተጽፎ ይቀራል እንጂ ክለቡ የሚኖረው ዳገንሃም ነው፣ ደጋፊው የሚዘፍነው «ዳገርስ» እያለ ነው። የስም ድርድር የፈለገውን ይበል፣ ሜዳው ባለበት ሰፈር ያለው ስም ነው ያሸነፈው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው፣ ሙሉውን ብነግርህ ሌሊት ይሆናል። የመጀመሪያው አሰልጣኝ ጆን ስቲል ነበር፣ ከሬድብሪጅ ፎረስት የመጣ። ስሙን ያዘው። በ1993 ኮንፈረንሱ ላይ ሦስተኛ ወጡ። በ1996 ወረዱ። በ1997 የኤፍ ኤ ትሮፊ ፍፃሜ ደርሰው በዎኪንግ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በ2000 እንደገና አደጉ።

2002 ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ዳገንሃም ውስጥ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ነው። ኮንፈረንሱን የሚያሸንፍ ፉትቦል ሊግ ይገባል። ዳገንሃም እና ቦስተን ዩናይትድ እኩል 84 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ቦስተን በጎል ልዩነት አደገ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ቦስተን የተጫዋቾቹን ውል አጭበርብሮ ነበር፣ ለፌዴሬሽኑ ያስመዘገበው ደሞዝና በትክክል የሚከፍለው አይመሳሰልም። ተቀጣ። ቅጣቱ ምን ነበር? የገንዘብ መቀጮና አራት ነጥብ። ነጥቡ የተቀነሰው ካደገ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት፣ ላይኛው ሊግ ውስጥ። ዳገንሃም ባለበት ቀረ። አራቱ ነጥብ በዚያው ዓመት ቢቀነስ ኖሮ ማን ያድግ እንደነበር አንተው ደምር። የኛ አገር ፌዴሬሽን ላይ ብቻ ነው እንዴ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚገኘው ለሚሉ ጓደኞቼ ሁሌ የምጠቅሰው ይህን ነው።

በ2003 ደግሞ የማደጊያ ፍፃሜ ደርሰው በዶንካስተር 3 ለ 2 ተሸነፉ፣ በወርቃማ ጎል፣ ማለትም በጭማሪ ሰዓት መጀመሪያ ያገባ ጨዋታውን እዚያው ያሸንፋል በሚለው ሕግ። ያ ሕግ ባይኖር ኖሮ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። ዕድል ካልፈለገህ አልፈለገህም።

ጆን ስቲል በ2004 ተመለሰ። ገንዘብ የለውም፣ ዓይን ግን አለው። ከጓሮ ሊጎች ልጅ ይለቅማል፣ ያሠለጥናል፣ ይሸጣል። ፖል ቤንሰን ከዋይት ኤንሳይን የመጣ ነው፣ ይህን ስም ሰምተህ እንደማታውቅ እገምታለሁ። በ2007 እሱ ጎል እያገባ ክለቡ ኮንፈረንሱን አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፉትቦል ሊግ ገባ። ክሬግ ማኬይል ስሚዝም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፣ ለፒተርቦሮ ተሸጠ። ትንሽ ቆይቶ የመጣው ድዋይት ጌይልም በዚሁ ቤት አልፏል። ጌይል ማን ነው ካልክ፣ በ2014 ክሪስታል ፓላስ በሊቨርፑል 3 ለ 0 እየተመራ 3 ለ 3 ሲወጣ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው። የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆንክ ይቅርታ።

በ2010 ጣሪያው ላይ ወጡ። ሊግ ቱን፣ አራተኛውን እርከን፣ ሰባተኛ ሆነው ጨረሱ፣ ማለትም ለማደጊያ ጨዋታዎቹ፣ ለፕሌይኦፍ፣ የሚያበቃውን የመጨረሻ ቦታ በጥፍራቸው ያዙ። በግማሽ ፍፃሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሞርካምን ቪክቶሪያ ሮድ ላይ 6 ለ 0 አፈረሱት። ጆሽ ስኮት ብቻውን አራት አገባ። ፍፃሜው ዌምብሌይ፣ ከሮዘራም ጋር፣ 3 ለ 2። ቤንሰን፣ ዳኒ ግሪን፣ ጆን ነርስ። ሊግ ዋን ገቡ፣ የእንግሊዝ ሦስተኛው እርከን። አንድ ዓመት ቆይተው ወረዱ፣ በ2016 ከፉትቦል ሊጉ ወጡ፣ በ2025 ደግሞ ወደ ናሽናል ሊግ ሳውዝ፣ ወደ ስድስተኛው እርከን፣ ወረዱ።

እንግዲህ ወደ አንተ ጥያቄ። ያዋጣል?

የኛና የእነሱ ነገር አንድ አይደለም፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። የኛ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመሥሪያ ቤት በጀት ነው። ሐዋሳ ከተማ በኛ አቆጣጠር በ1996 እና በ1999 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲወስድ ከጀርባው ከተማው ነበር። ደቡብ ፖሊስን ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግርሃል። እንዲህ ያለ ክለብ የሚሞተው ወይም የሚዋሃደው በደብዳቤ ነው፣ ሜዳው ስለተሸጠ አይደለም። የናንተ ግን የሰፈር ቡድን ነው። በጀት የላችሁም፣ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ የለም። ስለዚህ ከሐዋሳ ከተማ ይልቅ ለኢልፎርድ ትቀርባላችሁ።

እኔ ብሆን ተዋሃዱ ነው የምለው። ሜዳ የሌለው ቡድን ጥሩ ልጅ ቢኖረውም ሁለት ክረምት አይቆይም፣ ልጆቹ ልምምድ ወዳለበት ይሄዳሉ። ሜዳ ብቻ ያለው ደግሞ ቡድን ከሌለው ሜዳው ባዶ ነው፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ግን እጅ ከመጨባበጣችሁ በፊት «ሜዳ አላቸው» ያልከውን አጣሩ። አላቸው ማለት ምን ማለት ነው? ካርታ አላቸው? ቀበሌው በቃል የፈቀደላቸው ነው? የትምህርት ቤት ግቢ ነው? የአንድ ባለሀብት ያልተሠራ ቦታ ነው? ብዙ ጊዜ «የኛ ሜዳ» ማለት «እስካሁን ማንም ያላባረረን ቦታ» ማለት ነው። ሌይተንስቶን በ1979 ሜዳ ነበረው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ አልነበረውም።

ሁለተኛ፣ ዕዳ። ማሊያ በዱቤ ያሠራ፣ ለዳኛ ያልከፈለ፣ ለውድድር ምዝገባ የተበደረ ካለ ቁጭ ብላችሁ አውጡት። የተዋሃደ ዕዳ ጠብ ነው። የውድድር ምዝገባው በማን ቡድን ስም እንደሚቀጥልም ወስኑ፣ ሁለታችሁም በተለያየ ዲቪዚዮን ተመዝግባችሁ ከሆነ በተለይ። ሬድብሪጅ ፎረስት በ1992 ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ትልቁ ነገር የሊግ ቦታው እንደነበረ አትርሱ፣ ያንን እንደ ቀላል ነገር ያየ ሰው ተበልቷል።

ሦስተኛ፣ ስም። ሁለቱንም ስም ይዛችሁ ቀጥሉ። ይረዝማል፣ አንደበት ላይ ይከብዳል፣ አስተዋዋቂው ይሳሳታል። ይሁን። የማንም ያልሆነ አዲስ ስም አታውጡ። ማንም ያልመረጠው ስም ማንም አይዘፍነውም፣ ሬድብሪጅ ፎረስት ሦስት ዓመት ብቻ ነው የኖረው። ማሊያውም ላይ የሁለታችሁም ቀለም ይታይ።

ስሙ የተቀበረ ክለብ ደግሞ ተቀብሮ አይቀርም። ኢልፎርድ ከተዋሃደ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በዚያው ስም አዲስ ክለብ ተቋቋመ፣ ክሪክልፊልድ በሚባል ሜዳ። ያ ብቻ አይደለም። ፎርድ ዩናይትድ የሚባል ሌላ ክለብ ነበር፣ እሱ ራሱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከብሪግስና ከፎርድ ፋብሪካ ቡድኖች ውህደት የተወለደ። አዎ፣ ያው ብሪግስ፣ ቪክቶሪያ ሮድን ለዳገንሃም የለቀቀው። ይህ ክለብ ክሪክልፊልድ ሄዶ ከአዲሱ ኢልፎርድ ጋር ደባል ሆነና በ2004 ስሙን ሬድብሪጅ ብሎ ቀየረ። ስለዚህ አንድ ቀን ሬድብሪጅ የሚል ብቻ ካየህ ዳገንሃምን አይደለም፣ ሌላ ክለብ ነው።

ካርታውን አይታችሁ፣ በማን ስም እንደሆነ ካወቃችሁ ጻፍልኝ። የውሉን ረቂቅ አብረን እናየዋለን፣ ኮሚቴው ውስጥ ስንት ስንት ሰው ከየወገኑ ይሁን የሚለውን ደግሞ ያኔ እንከራከራለን።